ቀድሞ የተናገረ

አባዬ ዕድሜውን ሙሉ የሸጠው ብትን ጨርቅ ነው። ጢሙ ሳያቀመቅም የገባበት ሱቅ ውስጥ ሸበተ፤ ጡረታ የወጣውም ከዚያው ባንኮኒ ጀርባ ነው። ሻጭ ሲባል ሰው ለፍላፊ ይመስለዋል። የእኔ አባት ግን ሲሸጥ አይናገርም ነበር። ጣቃውን ባንኮኒው ላይ ይዘረጋና የጨርቁን ጫፍ ገዢው እጅ ላይ ያኖራል። አንዲት ቃል ጣል ያደርጋል፣ ከዚያ አፉን ይዘጋል። ሰውየው ጨርቁን ሲያሻሽ፣ ወደ ብርሃን ሲያዞር፣ ሚስቱን ሰረቅ አድርጎ ሲያይ፣ አባዬ ሜትሩን ይዞ ዝም ብሎ ይጠብቃል።

"ቀድሞ የተናገረ ገዛ ማለት ነው" ይለን ነበር። "ተወደደ ቢልም ገዝቷል። ቀለሙ ደበዘዘ ቢልም ገዝቷል። ልቡ ያልከጀለ ሰው እንከን አይፈልግም፤ አመስግኖ ይሄዳል።"

ማታ ከሱቅ ወጥቶ ሌላ ቦታ ሲሄድ አላውቅም፤ በቀጥታ ወደ እኛ ነው። ከጣቃ መጨረሻ የተረፈ ቁራጭ በቅናሽ ይዞልን ስለሚመጣ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና ሶፋው አንድ ዓይነት ለብሰን ነው ያደግነው። ቀብሩ ላይ የሱቁ ባለቤት በየሰዉ ኮት ላይ ዓይኑን እየጣለ "ይሄንንም የሸጠው እሱ ነው" እያለ ያለቅስ ነበር።

ዘዴውን ቤት ውስጥም አልተወውም። ወንድሜ የተወለደ ጊዜ ዓይኑን አላይም ብዬ አልጋ ሥር ገባሁ። አባዬ አላባበለኝም፣ አልተቆጣኝም። ጎትቶ አወጣኝና ሕፃኑን ክንዴ ላይ አስቀመጠው። "ወንድምሽ ነው" አለና ጭጭ። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ "ጭንቅላቱ ይከብዳል" አልኩ። አባዬ ሳቀ። ያ ሕፃን ዛሬ ጠበቃ ነው፤ ሲያናድደኝ መመለስ ይቻል እንደሆነ እጠይቀዋለሁ፣ እሱም "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" ይለኛል።

ይህ ዘዴ ያልሠራባት እማዬ ብቻ ነበረች። በልጃገረድነቷ ለቀሚስ ገበር ልትገዛ ሱቁ ገብታ፣ አባዬ ጨርቁን እጇ ላይ አኑሮ ዝም ሲል እሷም ዝም አለች። ባለቤቱ "ወይ ተጋቡ ወይ ሱቄን ልዝጋ" እስኪል ድረስ ተፋጠጡ። ቀድሞ የተናገረው አባዬ ነው። እማዬ "እኔ ምንም አልገዛሁም፣ እሱ ነው የገዛኝ" እያለች ስትፎክርበት ኖራለች። በትዳራቸውም ሲኳረፉ ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነበር።

አሁን እማዬ ብቻዋን ናት። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም፣ ጉልበቷም ከድቷታል። ባለፈው ሳምንት ደረጃው ላይ ወድቃ ጎረቤት ደግፎ አስገባት። እኔ ምድር ቤት ስለምኖር ክፍል አዘጋጅቼ፣ መጋረጃ ሰቅዬ አሳይቻታለሁ። አባዬ በሕይወት እያለ ስለዚህ ክፍል ስናነሳባት "አልሄድም" ብላ ትቆጣ ነበር። ከሞተ ወዲህ ግን እሺም የለ እምቢም የለ። ሰምታን ስታበቃ "ምሳ በላችሁ?" ትላለች። ቁጣዋ ሺህ ጊዜ ይሻለኝ ነበር። ሌላ ቀን ብትወድቅ ማን ያነሳታል? ፈራሁ።

እሁድ ከሰዓት ከወንድሜ ጋር ሄድን። ወንድሜ ፍርድ ቤት የቆመ ይመስል ምክንያቱን ደረደረ። ምሳ መብላታችንን ጠየቀችን። ያኔ የቤቴን ቁልፍ ከቦርሳዬ አውጥቼ መዳፏ ላይ አኖርኩት።

"መስኮቱ ወደ ጓሮው ነው" አልኩና ዝም አልኩ። ወንድሜ አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጥኩት።

እማዬ ቁልፉን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ እጇን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከትታ ሌላ ቁልፍ አወጣችና ከእኔው ጎን አስቀመጠችው። አንድ ዓይነት ናቸው።

"ከየት አመጣሽው?" አልኳት። ዝምታዬ ይህን ያህል ነው የቆየው።

"አባትሽ ነው። ለእሱ የሰጠሽውን አስቀርጾ። ሆስፒታል ተኝቶ እጄ ላይ አኖረልኝና 'ደረጃ የለውም' አለኝ። ከዚያ ዝም አለ።" ሁለቱን ቁልፎች በጣቷ አስተካከለች። "ነገሩ ገባኝ። አመሉን አውቀው የለ? ቆይ፣ መጀመሪያ እሱ ይናገር ብዬ ዝም አልኩ። ሁሌም እሱ ነው የሚናገረው።"

ወንድሜ ፊቱን አዞረ።

"በዚያው ሄደ" አለች። "እኔ ካልተናገርኩ ገና እየጠበቀኝ ነው ብዬ ነው እንጂ፣ እናንተን ንቄ አይደለም።"

አልቅሼ አቀፍኳት፤ እሷ አላለቀሰችም። ቆየት ብላ የእኔን ቁልፍ መለሰችልኝና የአባዬን ወደ ዓይኗ ጠጋ አደረገችው።

"መጋረጃው ግን ያስጠላል" አለችው።