ጽጌ የተዳረችበት ወንዝ

አቶ መሸሻ አንድ ልጃቸውን በሰባት ቀን ድግስ ለመዳር ሲያስቡ ነው የኖሩት። ወገራ እያሉ፣ ጽጌ ገና በዳዴ ስትሄድ፣ ለዳሱ የሚሆነውን ቋሚ የሚቆርጡበትን ጫካ እንኳ በልባቸው መርጠው ነበር። ይሁንና በ፲፱፻፹፫ ዓ.ም. ጫካው ወገራ ቀርቶ እሳቸው ጉለሌ ነበሩ፤ ቀጨኔ፣ በሸክላ ሠሪዋ በወይዘሮ ወለተማርያም ግቢ፣ ሁለት ፍራሽ ሲነጠፍባት ወለሏ በማይታይ የኪራይ ክፍል ውስጥ። እንደ ሌላው የቤተ እስራኤል ሰው ሁሉ ወደ እስራኤል የሚሄዱበትን ቀን ይጠብቃሉ። ሚስታቸው አዲስ አበባ በገቡ በሁለተኛው ወር ሞተዋል። ከጽጌ በቀር ሰው አልነበራቸውም።

ቀጥቃጭ ናቸው፤ እጃቸው ሥራ መፍታት አያውቅም። የግቢውን በር ማጠፊያ ሦስት ጊዜ ነቅለው ሦስት ጊዜ መቱት። ከበሩ እስከ ቧንቧው፣ ከቧንቧው እስከ በሩ ይመላለሳሉ።

«አቶ መሸሻ፣ መሬቱን ቦረቦሩት እኮ» ይሏቸዋል አከራያቸው ጭቃ እያሹ።

ጽጌ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የታጨችው ለፀሐዬ ነው። ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና እንደሌላቸው ካረጋገጡ ዓመት አልፏል። ፀሐዬ ሽሮ ሜዳ፣ አንድ ሸማኔ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሲቀመጥ ጉልበቱን የሚያደርግበት የሚያጣ ረጅም ልጅ። በዚያ ሰሞን መንገድ ላይ የተገኘ ጎረምሳ ሁሉ ለጦር ግንባር ይታፈስ ስለነበር ወደ ቀጨኔ የሚመጣው በጓሮ በጓሮ ነበር።

በሚያዝያ አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ ግን፣ በዋናው መንገድ ሮጦ መጣ።

«ተራዬ ደረሰ!» አለ ገና በሩ ላይ። «እናቴ እስራኤል ስላለች ስሜ ቀድሞ ወጣ። የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ እሄዳለሁ።»

ጽጌ የምታጥበውን ልብስ ከነአረፋው እንደያዘች ቀረች። «እኔስ?»

«እስራኤል ኤምባሲ ጠየቅኩ። ሚስት ከሆነች ስሟ ከስምህ ጋር ይያዛል፣ እጮኛ ከሆነች ግን የራሷን ተራ ትጠብቅ አሉኝ።»

«የራሴ ተራ መቼ ነው?»

ይህን የሚያውቅ አልነበረም። አቶ መሸሻ እስከ ቧንቧው ሄደው ተመለሱ።

«በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሠርግ? ዳሱስ? ድግሱስ? ልጄን እንደ ሌባ ዕቃ በጓሮ አላወጣትም!»

«አባ፣ እኔ ዳስ አልፈልግም።»

«አንቺ ባትፈልጊ እኔ እፈልጋለሁ» አሉና በማግስቱ ለድግስ ፈቃድ ሊጠይቁ ቀበሌ ሄዱ። ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም። «አገር በጦርነት ላይ ናት፤ እናንተ ልትጨፍሩ? ከዐሥር ሰው በላይ ተሰብስቦ እንዳላይ» ብሎ ሸኛቸው። ቢፈቅድስ? ሠርግ ተደግሶ ጎረምሳ ሲሰበሰብ የአፈሳው መኪና የት ይሄዳል?

የቤተ እስራኤሉ ካህን ቄስ ስብሐት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መጡ። ነጭ ጥምጥማቸው ያደፈ፣ ጃንጥላቸው አንድ ዘንግ የጎደለው ሽማግሌ ናቸው። የአቶ መሸሻን ብሶት እስከ መጨረሻው ሰምተው ሲያበቁ እንዲህ አሉ፦

«መሸሻ፣ ድግስ ሌላ፣ ጋብቻ ሌላ። እኔ የሚያስፈልገኝ ሰማይ፣ ንጹሕ መሬትና የሚፈስ ውኃ ነው። የቧንቧ ውኃ አይሆነኝም። ይህን ካገኘህልኝ እሁድ በአንድ ሰዓት ውስጥ አጋባቸዋለሁ።»

«በዚህ ከተማ ንጹሕ ወንዝ ከየት ይመጣል?»

በረንዳው ላይ ጀበና እያለሰለሱ የነበሩት ወይዘሮ ወለተማርያም እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ቦታ አውቃለሁ» አሉ።

ሐሙስ ማለዳ አቶ መሸሻን ይዘው ወጡ። የቀጨኔን ቁልቁለትና ዳገት አልፈው፣ ሸክላ ሠሪዎች አፈር የሚቆፍሩበትን ጉድጓድ ተሻግረው፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ ገቡ። ቅጠሉ ከእግራቸው ሥር ይንኮሻኮሻል። ከእንጦጦ የሚወርድ ቀጭን ወንዝ ድንጋይ ለድንጋይ ይንሿሿል፤ ዳሩ ላይ እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ ሰፊ አለት አለ። ከተማው ከታች ጭስ ለብሶ ይታያል እንጂ አይሰማም።

«እናቴ እዚህ ነው የተዳረችው» አሉ ወይዘሮ ወለተማርያም። «አያቴም።»

አቶ መሸሻ ግራ ገባቸው። «እርስዎ ክርስቲያን አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ። እሁድ እሁድ መድኃኔ ዓለም እሳለማለሁ። ግን የእኛ ሰዎች ሸክላና ብረት ሊሠሩ ወደዚህ ሲመጡ ከእናንተው አገር ነው የመጡት፤ ሃይማኖታቸውም የእናንተው ነበር ይባላል። ለጎረቤት ከመደገሱ በፊት እዚህ ተደብቀው ወጥተው ይጋቡ ነበር። እኔ ስዳር አባቴ ፈራ፤ በዚያው ቀረ።» ድንጋይ አንሥተው ወደ ውኃው ወረወሩ። «ይህን ለልጆቼም ነግሬ አላውቅም። እሁድ ስትመጡ... እኔም ልቁም? ከሩቅም ቢሆን።»

«ቄሱን ልጠይቅ» አሉ አቶ መሸሻ። መልሳቸው ለራሳቸውም ጎመዘዛቸው።

ቄስ ስብሐት ጉዳዩን ሲሰሙ ወይዘሮዋን አስጠሩ። ከሌላ እምነት ሰው ጋር በሥርዓት አብሮ መቆም ለእሳቸው ቀላል ነገር አልነበረም።

«እናትዎ ቅዳሜ ምን ይሠሩ ነበር?» ብለው ጠየቋቸው።

«ምንም። ጭቃ አይነኩም፣ እሳት አይጭሩም። ጎረቤት ሲመጣ ራሴን አሞኛል እያሉ ይተኛሉ። ሰፈሩ የቅዳሜ በሽተኛ ይላቸው ነበር።»

«ስንት ዓመት?»

«እስኪሞቱ።»

ቄሱ ጃንጥላቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ከሩቅ አይደለም፤ ከሴቶቹ ጋር ይቁሙ።»

እሁድ ሚያዝያ ሃያ ጠዋት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ለቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ፣ እነሱ ሁለት ሁለት እየሆኑ በተለያየ መንገድ ወደ ላይ ወጡ። በጠቅላላው ዐሥራ አንድ ነበሩ። ጽጌ ከሴቶቹ ጋር ከአለቱ በላይ ባለው ጥልቅ ቦታ ታጠበች፤ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፤ ጸጉሯ ሳይደርቅ ተቀመጠች። ፀሐዬ በሁለት ሰዓት ሊደርስ ነበር የተባለው።

ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሆነ። አቶ መሸሻ ከዛፍ ዛፍ ይመላለሳሉ። ከሽሮ ሜዳ አቅጣጫ የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር ሁሉም ወደ ታች ያያሉ። እንጦጦ ላይ ደመና መጠቅለል ጀመረ። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ጽጌ ብድግ አለች።

«እኔ እወርዳለሁ።»

«እብድ ነሽ? ሙሽራ ናት ሙሽራውን የምትፈልገው?» አሉ አባቷ።

«እሱ ከተያዘ እኔ የማን ሙሽራ ነኝ?»

ወይዘሮ ወለተማርያም የጭቃ መሥሪያ አሮጌ ቀሚሳቸውን ከነጩ ልብሷ ላይ ደረቡላት፤ «መንገዱን እኔ አውቃለሁ» ብለው ከፊት ቀደሙ።

የሸማኔው ቤት በር ገርበብ ብሏል። ሸማኔው እሁድ ሆኖ ሳለ ከመሸመኛው ላይ ተቀምጦ መወርወሪያውን ያመላልሳል። ቀና አላለም።

«ፀሐዬ የለም!» አለ ጮክ ብሎ። ከዚያ ማን እንደሆኑ ሲያይ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ «በሩን ዝጉት።»

እግሩን ካስገባበት ጉድጓድ ውስጥ አወጣ። ሸማኔ ሲሠራ እግሩን የሚያወርድበት ጉድጓድ ነው፤ ጥልቀቱ ከወገብ አይበልጥም። ፀሐዬ እዚያ ውስጥ ጉልበቱ ከጆሮው ጋር ተጣብቆ፣ ጸጉሩ የጥጥ ብናኝ ሆኖ ተጣጥፏል። ጽጌን ሲያይ ሊነሣ ሞከረ፤ እግሩ ግን ደንዝዞ አልታዘዘውም።

«ከነጋ ቤት ለቤት እየዞሩ ነው» አለ ሸማኔው። «ሦስት ሆነው ገቡ። ‹እሁድ ትሠራለህ?› አሉኝ። ‹ልጅ እሁድ አይርበውም?› አልኳቸው። እግሬን ጭንቅላቱ ላይ አድርጌ። አሁንም መንገዱ ጫፍ ላይ ናቸው።»

ወይዘሮ ወለተማርያም ክፍሉን ዙሪያውን ቃኙ። ግድግዳው ላይ የሸማኔው ሚስት ቀሚስ ተሰቅሏል። አወረዱት።

«ይህን ልበስ።»

«ኧረ እትዬ...»

«ልበስ አልኩህ!»

ቀሚሱ ከጉልበቱ ትንሽ ብቻ አለፈ። ከሥሩ ሌላ ጨርቅ አገለደሙለት፤ ነጠላውን እስከ አፍንጫው አከናነቡት፤ ባዶ ጆንያና ዶማ አሸከሙት። ሸክላ ሠሪ ሴቶች አፈር ለመቆፈር ሽቅብ ሲወጡ ማንም ልብ ብሎ አያያቸውም።

መንገዱ ጫፍ ላይ ጠመንጃ ያነገተ አንድ ሰው አስቆማቸው። «ወዴት ነው?»

«አፈር ልንቆፍር፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ወለተማርያም።

ሰውዬው ዐይኑን ፀሐዬ ላይ ተከለ። «ይህቺ ደግሞ ምን ነክቷት ነው እንዲህ የረዘመችው?»

ወይዘሮዋ ሳቁ። «አባቷም እንዲሁ ነበር። ባል ያጣችው በቁመቷ ነው! ወንድም ካለህ ውሰድልን እስቲ፤ እህል ትፈጃለች።»

ከኋላ ያሉት ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ። ሰውዬው አፍሮ እጁን አወናጨፈ፤ «ሂዱ፣ ሂዱ።»

ሄዱ። ጽጌን እግሯ ሩጪ ሩጪ ይላታል፤ ወይዘሮዋ ክንዷን ጨምድደው ይዘው «ቀስ፣ ቀስ» ይላሉ። ባሕር ዛፉ ውስጥ ሲገቡ ግን ሦስቱም ማንም ሳይላቸው ሮጡ።

ቄስ ስብሐት ሦስት ሴቶች ወደ አለቱ ሲመጡ አይተው ፊታቸው ጠቆረ። «ሙሽራውስ?»

ረጅሟ ሴትዮ ነጠላዋን ጣለች።

መጀመሪያ የሳቁት አቶ መሸሻ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ሲስቁ ጽጌ አላየቻቸውም ነበር፤ ዛፍ ተደግፈው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ቄሱ አልሳቁም።

«ወንድ የሴት ልብስ አይልበስ ይላል ኦሪት።»

«አባ፣ ሊይዙኝ...»

«አውቃለሁ። እግዜርም ያውቃል። አውልቅና ውኃው ውስጥ ግባ።»

ፀሐዬ ከዛፎቹ ጀርባ ዞሮ ገባ፤ ቅዝቃዜው ያስጮኸው ጩኸት እስከ አለቱ ተሰማ። የአቶ መሸሻን ትርፍ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ እየተንቀጠቀጠ ከጽጌ አጠገብ ቆመ። ማካፋት ጀምሯል። ቄስ ስብሐት ነጭና ቀይ ክር አውጥተው ከእግሩ ጣት ጀምረው በጉልበቱ፣ በደረቱ አሳልፈው ግንባሩ ላይ አሰሩለት። ግእዙን ሲያነቡ ድምፃቸው ከወንዙ ድምፅ እምብዛም አይበልጥም። ከበሮ አልነበረም። ሴቶቹ እልልታቸውን በመዳፋቸው አፍነው፣ ጉንጫቸው ብቻ እየተርገበገበ እልል አሉ። ወይዘሮ ወለተማርያም መካከላቸው ናቸው። የጸሎቱን ቃል አያውቁትም፤ ሌሎቹ አሜን ሲሉ ግን አንዴም አልዘገዩም።

«አለቀ?» አሉ አቶ መሸሻ።

«አለቀ» አሉ ቄሱ።

አቶ መሸሻ ለሠርጉ የያዙትን ዳቦ ቆርሰው በእጃቸው አጎረሷቸው።

ነገሩ ግን እንዳሰቡት ቶሎ አልተቃናም። ሰኞ ዕለት የቄሱን ወረቀት ይዘው ኤምባሲ ሄዱ፤ መዝጋቢው ወረቀቱን ተቀብሎ የጽጌ ስም እስኪገባ ሳምንታት ይፈጃል አላቸው። ሐሙስ ደረሰ፤ ፀሐዬ አልሄደም።

«ሂድ! ኋላ ትከተልሃለች!» ብለው አቶ መሸሻ ጮኹበት። «እዚህ ቢይዙህ ልጄን መበለት ልታደርጋት ነው?»

«ሳላገባት ቢሆን እሄድ ነበር» አለ ፀሐዬ። «አሁን እንዴት ብዬ?»

መጋረጃ ጋርደው በዚያች ክፍል ሦስት ሆነው ተቀመጡ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፀሐዬ ከግቢው አልወጣም። ውሻ ሲጮህ ጽጌ ትነሣለች፤ በር ሲንኳኳ ትነሣለች። አማችና አማት እርስ በርስ ተሰለቻቹ፤ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ይመላለሳል።

ግንቦት ዐሥራ ሦስት መሪው አገር ጥለው መውጣታቸው በሬዲዮ ተሰማ። ዐርብ ግንቦት ዐሥራ ስድስት ጠዋት አንድ ሰው በቀጨኔ ጉራንጉር እየሮጠ መጣ፤ «ሁላችሁም ወደ ኤምባሲው! ተራ የለም! ዕቃ አትያዙ!»

ከለበሱት ልብስ በቀር ምንም ሳይዙ ወጡ። ወይዘሮ ወለተማርያም እስከ አስፋልቱ ሸኟቸው። ጽጌ እጃቸውን አልለቅ አለች።

«እትዬ፣ ከእኛ ጋር ይሂዱ። ቄሱ ይመሰክሩልዎታል። እኛም እንመሰክራለን።»

«በምን ስም ልግባ፣ ልጄ?» አሉ ወይዘሮዋ። «ወለተማርያም ብዬ?»

አቶ መሸሻ ጎንበስ ብለው፣ ለእናት እንደሚደረገው፣ የወይዘሮዋን ጉልበት ሳሙ። ወይዘሮዋ ደንግጠው አነሷቸው፤ «ሂዱ በቃ፣ ይዘጋባችኋል» አሉና ቀድመው ዞሩ።

ከግንባር የሸሹ ወታደሮች የጫኑ መኪናዎች እየተከታተሉ ያልፋሉ። ፀሐዬ ከሳምንታት በኋላ በጠራራ ፀሐይ የመንገዱን መሃል ይዞ ሲሄድ አንድም ወታደር አላየውም። ጽጌ ግን ክንዱን ጨብጣ ነበር የምትሄደው። ኤምባሲው በር ላይ ሰው በሰው ላይ ተደራርቦ ሲገፋፋ አልለቀቀችውም፤ በማግስቱ ማለዳ አውሮፕላኑ ውስጥ፣ ወንበሩ ተነቃቅሎ በወጣበት ወለል ላይ፣ ከአባቷና ከባሏ መካከል ስትቀመጥም አልለቀቀችውም።