ሰማንያ ሰባት ቁራጭ ፕላስተር

ልጄ ጽሑፏን ለጋዜጣው ከመላኳ በፊት ወጥ ቤት መጥታ ታነብልኛለች። ነገሩ የተጀመረው በተቀጠረች በመጀመሪያው ዓመት ነው። አለቃዋ አንዱን ጽሑፍ "ይህ ነገር እናትሽ ካልገባት ለማንም አይገባም" ብሎ መለሰባት። ለአነጋገር ያህል ነበር ያለው፤ እሷ ግን የምሩን መስሏት ወረቀቱን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ከዚያ ወዲህ የምክር ቤቱን ክርክር፣ የጤና መድኑን ደንብ፣ የመድኃኒት ግዢውን መመሪያ ሽንኩርት እየላጥኩ ስድስት ዓመት አዳምጫለሁ። ያልገባኝ ቦታ ላይ ስትደርስ "ቁሚ" እላታለሁ። ትቆማለች፣ ታስተካክላለች፣ ትቀጥላለች።

እኔ ግን የማዳምጠው እንዲገባኝ ብቻ አልነበረም። የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደሚያስይዛት ለማወቅም ነበር።

ከመግቢያው በር ጀርባ አንድ ቦርሳ ሰቅያለሁ። ሹራብ፣ ቅያሪ የውስጥ ልብስ፣ ሳሙና፣ የጥርስ ብሩሽና የራስ ምታት ክኒን አለበት። ሰዎች ሊወስዷት የመጡ ቀን ልብስ ፍለጋ ስራወጥ እንዳልገኝ ብዬ ነው። ልጄ ስትወጣ ስትገባ ታየዋለች። አንድ ቀን "እማ፣ ብሩሹ አርጅቶ ከመጣሉ በፊት ታስሬ ልገላግልሽ?" አለችኝ። እኔ አልሳቅኩም። በማግስቱ ብሩሹን በአዲስ ቀየርኩት።

ታናሽ እህቴ በዚህ ቦርሳ ስትስቅብኝ ትውላለች። "እትዬን ሰርግ ቢጠሯት ጥቁር ለብሳ ነው የምትመጣው" ትላለች። እሷ በመንግሥት ሆስፒታል ውስጥ የኩላሊት እጥበት ክፍል ነርስ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ልጄን "ጋዜጣዋ" ነው የምትላት። ቤት በገባች ቁጥር "ጋዜጣዋ ዛሬ በስንት ገጽ ወጣች?" ትላለች።

ያን ሰሞን ሚኒስቴሩ በየሆስፒታሉ ያለውን የኩላሊት እጥበት በአንድ ማዕከል የሚሰበስብ ረቂቅ አዋጅ ለምክር ቤቱ አቅርቦ ነበር። ልጄ ከሌላ ሥራ ሁሉ ወጥታ እሱን ብቻ ትከታተል ነበር። ሚኒስትሩ በየመግለጫው "የአንድም ታካሚ ቀን አይቀነስም" ይል ነበር። እህቴ ክፍል ግን ቀኑ ከተቀነሰ አራት ወር አልፎት ነበር። በሳምንት ሦስት ጊዜ ይታጠቡ የነበሩ ሰዎች ሁለት ጊዜ ሆነዋል፤ የሚነግራቸው ግን የለም። በሦስተኛው ቀን ሲመጡ "ማሽኑ ተበላሽቷል" ተብለው ይመለሳሉ። መዝገቡ ላይ ደግሞ "ታካሚው አልመጣም" ተብሎ ይጻፋል። ይህን እንድትጽፍ የታዘዘችው እህቴ ናት።

የራሷን ክፍልና ከሌሎቹ ሆስፒታሎች ነርሶች የሰማችውን ቁጥር ለልጄ የሰጠቻት እኔ ቤት፣ እኔው ፊት ነው። ከመስጠቷ በፊት ግን አስማለቻት።

"ስሜ አይጻፍ፣ ሆስፒታሌ አይጻፍ፣ ወደ እኔ የሚጠቁም አንዲት ነገር አትውጣ። የሙያ ፈቃዴን ከነጠቁኝ አለቀልኝ። ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም።"

"አክስቴ፣ ማስታወሻዬ ላይ እንኳ 'ምንጭ ሦስት' ነው የምልሽ።"

"አንድና ሁለት እነማን ናቸው?"

"የሉም።"

"ጥሩ ነው፤ ሦስት ከሆንን አልፈራም" አለችና ሳቀች።

የፕላስተሩን ነገር የነገረችኝ ግን በሌላ ቀን ነው። ልጄ አልነበረችም። አንሶላ እያጣጠፍን ነበር፤ እሷ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው።

"እትዬ፣ 'አልመጣም' ብዬ ስጽፍ እጄ እንቢ ይለኛል" አለችኝ። "አንድ ጡረተኛ አስተማሪ አለ፣ ሐሙስ ሐሙስ ሁለት አውቶቡስ ቀይሮ ነው የሚመጣው። እግሩ አብጦ ጫማው አይገባለትም። ማሽኑ ተበላሽቷል ስለው 'እሱም እንደ እኔ ጡረታ ወጣ?' ይለኛል። እሱን እሸኝና ገብቼ አልመጣም ብዬ እጽፋለሁ።"

"ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?"

"ምን አደርጋለሁ። ፕላስተር እቆርጥና ቀኑንና የካርዱን ቁጥር ጽፌበት፣ ከቁም ሳጥኔ በር በውስጥ በኩል እለጥፈዋለሁ። መጥቶ ነበር ማለት ነው። ለማን ብዬ እንደምለጥፈው እኔም አላውቅ።"

"ሰው ያውቃል?"

"ጋዎኔ ያውቃል" አለች። ወደ እኔ መጥታ የአንሶላውን ጫፍ አቀበለችኝ፣ ወሬውም በዚያው አበቃ።

ምክር ቤቱ ድምፅ ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጄ ኮምፒውተሯን ታቅፋ ወጥ ቤት ገባች። ጽሑፉ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መድረስ አለበት። በምሳ ሰዓቱ ዜና የሚኒስቴሩ ቃል አቀባይ "ያልተረጋገጠ ቁጥር የሚያሰራጩ በሕግ ይጠየቃሉ" ሲል በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሽንኩርት ስከትፍ ሁለት ጊዜ ጣቴን ቆርጫለሁ።

ማንበብ ጀመረች። ከላይ እስከ ታች ቁጥር ነው። እጥበት ያለባቸው ሦስቱ የመንግሥት ሆስፒታሎች፣ ይህን ያህል ታካሚ፣ ይህን ያህል የተሰረዘ ቀን። እሷ ቁጥር ባነበበች ቁጥር ለእኔ የሚሰማኝ በር ሲንኳኳ ነው።

"ቁሚ" አልኳት።

"አልገባሽም?"

"ገብቶኛል። ቁጥሩ በዛ። ሰውየው ዛሬ ምን እንዳለ አልሰማሽም? ይህን ሁሉ ቁጥር ከየት አመጣሽ ቢሉሽ ምን ትያለሽ?"

"ምንጬን አልናገርም እላለሁ።"

"ከዚያስ? ወዴት ይወስዱሻል?"

"እማ፣ አሁን ወደ ቦርሳው እንዳትገቢ።" ዓይኗን አሸች። "ግን አለቃዬም ቅሬታ አለው። ቁጥር ብቻ ነው፣ ሰው የለበትም አለኝ። ሰው ከየት ላምጣ? ታካሚዎቹ ፈርተዋል፣ አንዳቸውም አላናገሩኝም።"

እዚህ ላይ ነው አፌን የከፈትኩት። ሰው ያለበት ጽሑፍ ልቅሶ ይሆናል፣ ቁጥር ያለበት ክስ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ያለቀሰን ማን ያስራል? ልጄን የማድን መሰለኝ። የፕላስተሩን ነገር ነገርኳት፤ የአስተማሪውን ነገር ተውኩት፣ እሱን ያውቁታል ብዬ። ለእሱ ተጠነቀቅኩለት።

ልጄ ጣቶቿን ከኮምፒውተሩ ላይ አንሥታ አየችኝ።

"አክስቴ ናት የነገረችሽ?"

"እሷ ናት።"

"ለእኔ አልነገረችኝም። ልደውልላት።"

ደወለች፤ ስልኩ ዝግ ነው። እህቴ ተረኛ ስትሆን ስልኳን ዘግታ ነው ታካሚ ጋ የምትገባው፣ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት አትከፍተውም። ልጄ ሰዓቱን አየች።

"ሌሎቹም ነርሶች እንዲህ ያደርጋሉ?"

"ሳያደርጉ አይቀሩም" አልኳት።

ይህን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጋዎኔ ያውቃል ስትል ሰምቻለሁ እኮ። ልጄ ከቁጥሮቹ ግማሹን ሰርዛ፣ "ከሦስቱ ሆስፒታሎች በአንዱ የምትሠራ አንዲት ነርስ" ብላ ጀመረች። የትኛው እንደሆነ አልጻፈችም። ፕላስተሩን፣ ቁም ሳጥኑን፣ የካርዱን ቁጥር ጻፈች። ስታነብልኝ አለቀስኩ። "አሁን ገባኝ" አልኳት። ላከችው።

በማግስቱ ጠዋት የምክር ቤቱን ስብሰባ በቴሌቪዥን ከፈትኩ። አንድ ተወካይ ተነሥቶ ጋዜጣውን ከፍ አድርጎ አሳየ። "ክቡር ሚኒስትር፣ በቁም ሳጥን በር ላይ ስለሚለጠፈው ፕላስተር ምን ይላሉ?" አለ። እኔ ወጥ ቤት ወለል ላይ የቆምኩት ሴትዮ ያመጣሁት ነገር እዚያ ሲነሣ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ክፉ ክፉውን ስጠብቅ የኖርኩ ሰው፣ የመጣ ቀን ደስ አለኝ።

ሚኒስትሩ መነጽሩን አወለቀ። "ይጣራል" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ከዚያ እጅ ማውጣት ሆነ። ተቃውሞ አራት። አዋጁ ጸደቀ።

"ይጣራል" ያለው የገባኝ ሰሃን እያጠብኩ ነው። የሚጣራው የታካሚዎቹ ነገር አይደለም። የሚጣራው የማን ቁም ሳጥን እንደሆነ ነው። እጄን ሳልጠርግ ስልኩን አነሣሁ፣ እህቴ ጋ ደወልኩ። ዝግ ነው። ተረኛ ናት። ልብሴን ቀይሬ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄድኩ። ጥበቃው "ዛሬ ጠያቂ አይገባም፣ ከላይ የመጡ ሰዎች አሉ" አለኝ። "እህቴን ለአንድ ደቂቃ" አልኩት። "እማማ፣ የሁሉም እህት ውስጥ ናት" ብሎ በሩን ገፋው።

በሦስቱም ሆስፒታሎች የነርሶች ቁም ሳጥን በአንድ ጠዋት ተከፈተ። ፕላስተር የተገኘው በአንዱ በር ላይ ብቻ ነው።

ልጄ አመሻሹ ላይ መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

"አክስቴ ታግዳለች። ጉዳይዋን ፈቃድ ለሚሰርዘው ኮሚቴ ልከውታል። የሥራ ምስጢር አወጣች፣ የታካሚ ቁጥር በግል ያዘች ነው ክሱ።"

"ደውለሽላት ነበር?"

"አታነሣም።"

"እኔ ነኝ" አልኳት።

"አንቺ አይደለሽም፣ እማ። ምንጩን ሳልጠይቅ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሥራው የእኔ ነው።" የተናገረችው ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር ነው። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቦርሳውን ከበሩ ጀርባ አወረድኩና እህቴ ቤት ሄድኩ። ባዶ እጄን መሄድ ከበደኝ፤ ደግሞም ከእገዳ በኋላ ምን እንደሚመጣ ስድስት ዓመት ሳስብበት ኖሬያለሁ። በመንገድ ላይ የምናገረውን አጠናሁ። ጋዜጣዋ አይደለችም፣ እኔ ነኝ የነገርኳት፤ እሷን እንዳትቀየሚ። እህቴ ልጄን እንደ ከሃዲ ቆጥራ እንዳትኖር ነበር ፍርሃቴ።

ራሷ ከፈተችልኝ። ጸጉሯ አልተበጠረም። ቦርሳውን አየችው።

"ይሄ የጋዜጣዋ አይደል?"

"ምናልባት ከፈለጉሽ ብዬ..."

ተቀብላኝ ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው። ሹራቡን አውጥታ ደረቷ ላይ ለካችው። የልጄ ልክ ነው፤ እጅጌው ክርኗ ጋ ደርሶ ቀረ። "አይሆነኝም" አለችና አጣጥፋ መለሰችው።

"ስሚኝ" አልኳት፣ "ልጅቷ..."

"አውቃለሁ።"

"ምኑን?"

"እትዬ፣ ለጋዜጣዋ የነገርኳትን ሁሉ አስቤበት ነው የነገርኳት። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ፣ ይሄን ብትጽፍ ማን ያውቀኛል፣ ያንን ብትጽፍ ማን ያውቀኛል ብዬ መርጬ። ፕላስተሩን አልሰጠኋትም።" ቀና ብላ አላየችኝም፤ የቦርሳውን ዚፕ እየዘጋች ነበር። "ፕላስተሩን የነገርኩት ለአንቺ ነው። ያልተጠነቀቅኩት አንቺ ጋ ብቻ ነው።"

ያጠናሁት ሁሉ ጠፋብኝ። "እሷን እንዳያስሯት ፈርቼ ነው" አልኳት።

"አውቃለሁ። አንቺ መቼም ፈርተሽ ነው።"

ቁጭ አልን። ሻይ ላፍላ አላለችኝም፣ እኔም ላፍላልሽ ለማለት አልደፈርኩም። እህቴ ማውራት የጀመረችው ስለ ራሷ አይደለም።

"አንድ በአንድ እየላጡ አነሡት። ሰውየው በጥፍሩ ነው የሚልጠው። ሌላው ይቆጥራል። ሰማንያ ሰባት። የመጨረሻው ላይ አልላጥ ሲለው በምላጭ ፋቀው። ከዚያ ከረጢት ውስጥ ከተቱት።"

"ማስረጃ ነው እኮ፣ ይቀመጣል..."

"በእኔ ላይ ነው ማስረጃው። መዝገቡ ያው አልመጡም ነው የሚለው።" ወደ መስኮቱ ዞረች። "ዛሬ ሐሙስ ነው አይደል?"

"ነው።"

"አስተማሪው ይሄኔ ሁለተኛውን አውቶቡስ ይዟል" አለች።

ስወጣ ቦርሳውን እጄ ላይ አስያዘችኝ። "ይዘሽው ሂጂ፣ ለጋዜጣዋ ይሆናል" አለች። የድሮ ቀልዷን መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋት። እየቀለደች አልነበረም።

ቤት ስደርስ ልጄ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ነበረች። የኮምፒውተሩ ቁልፍ ሲመታ ይሰማል። እየጻፈች ነው፤ ስለ ምን እንደሆነ አላውቅም። ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት አወጣሁ፣ ላጥኩ፣ ከተፍኩ። ድምፁ ቆመ። ጽሑፉ ሲላክ ኮምፒውተሩ የሚያሰማት ትንሽዬ ጩኸት አለች፣ እሷን ሰማሁ። በሩ አልተከፈተም።

ቦርሳውን መልሼ ከበሩ ጀርባ ሰቀልኩት። ከዚያ አወረድኩትና ከራሴ ቁም ሳጥን አንድ ሰፋ ያለ ሹራብ አምጥቼ፣ እጅጌውን በእህቴ ክንድ ልክ በዓይነ ሕሊናዬ ለክቼ፣ ከልጄ ሹራብ ሥር ከተትኩት። ዚፑ እንቢ አለኝ። በጉልበቴ ተጭኜ ዘጋሁት።