ተሳፋሪው ሁሉ ወርዷል

ጋሽ ማርሽ መሪ ሲጨብጥ ተራራው ራሱ ፈቀቅ ብሎ ያሳልፈው ነበር። ያንን ጠመዝማዛ የገደል መንገድ ሲወርድ፣ መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠች አሮጊት የታቀፈችው እንቁላል እንኳ ንቅንቅ አይልም። ዝናብ ሲያየው ያባራል፣ ጉም ሲያየው ይገለጣል፣ ጎማ እሱ በሚነዳው አውቶቡስ ላይ መተንፈስ ያፍራል። ይህን ሁሉ የሚያወራው በእርግጥ ራሱ ነበር። ግን አብረውት የተጓዙት ሲጠየቁ ትንሽ ይጨምሩበታል እንጂ አይቀንሱለትም።

እንዲህ ያለው ሰው ጡረታ ወጣና እንቅልፍ አጣ።

አንዳንዴ ሸለብ፣ አንዳንዴ ነቃ የሚያደርግ ዓይነት አይደለም፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር ቤቱን ረሳው። ጫማውን እንዳሰረ ሳሎን ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ መንገድ ይመስል እያየ ያነጋል። ቀን ደግሞ አይወጣ፣ አይገባ፤ ወሬ የለ፣ ጉራ የለ። ባለቤቱን ያስደነገጣት የጉራው መቆም ነው። ከተጋቡ ጀምሮ "እስቲ አሁንስ አፍህን ያዝ" ስትለው የኖረች ሴት፣ ጎርፍ የወሰደውን ድልድይ በአየር ላይ የተሻገረበትን ታሪክ እንዲያወራላት መለመን ጀመረች። እሱም "የምን ድልድይ?" ብሎ ወደ ግድግዳው ይመለሳል።

ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አገላብጦ መረመረውና፣ ልቡም ሳንባውም ከእኔ ይሻላል አለ። ያላረፈው ሐሳቡ ነው፤ ሰፈራችሁ ባለው አዳራሽ ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች ዮጋ ይሰጣል፣ ሰው መሀል ይግባ፣ ሰውነቱን ያፍታታ አላት። ጋሽ ማርሽ በዚህ ዕድሜዬ መሬት ላይ አልንከባለልም ብሎ እምቢ አለ። ባለቤቱ አብራው ነቅታ ስታነጋ ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

"ወይ አንተ ሄደህ ታርፋለህ፣ ወይ እኔ ልጃችን ጋ ሄጄ አርፋለሁ" አለችው። "ሁለታችንም በአንድ ሰው በሽታ አንሞትም።"

ድምፅዋን ከፍ ብታደርግ ኖሮ ባልፈራ ነበር። የተናገረችው ቀስ ብላ ነው። ሄደ።

አዳራሹ ወለሉ ጣውላ፣ ግድግዳው ዙሪያውን በፕላስቲክ ወንበር የተከበበ ነው፤ ጉልበቱ እምቢ ያለው ወንበር ይደገፋል። ምንጣፍ ላይ የተሰለፉት ሰዎች ዕድሜ አንድ ላይ ቢደመር ፀሐይን ታናሽ እህት ያደርጋታል። አሠልጣኟ ደግሞ አጥንት ሲታደል ያልነበረች ቀጭን ልጅ ናት፤ ጎንበስ ስትል እንደ ልብስ ትታጠፋለች። ድመት ሁኑ አለች፣ ሆኑ። ዛፍ ሁኑ አለች። ከመሀላቸው አንድ ጡረተኛ ዳኛ ነፋስ እንደመታው ቅርንጫፍ ሲወዛወዝ፣ ጋሽ ማርሽ ግን በአንድ እግሩ ቆሞ ቀረ፤ መስኮቱ ክፍት ቢሆን ወፍ ጎጆ ይሠራበት ነበር። እንዲያውም ትንሽ ደስ ሳይለው አልቀረም።

መጨረሻ ላይ በጀርባ ተጋድሞ ማረፍ መጣ። አሠልጣኟ የዚህ አተኛኘት ስም ሬሳ ነው ብላ አስረዳች።

"ልጄ፣ ለዚህኛው እንኳ ልምምድ አያስፈልገንም" አለ ዳኛው ከተጋደመበት። "ጊዜው ሲደርስ በአንድ ሙከራ እንችለዋለን።"

ሳቁ ሲያባራ ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ። ጋሽ ማርሽ ብቻ ጣሪያው ላይ እንዳፈጠጠ ቀረ። ሁለት እጁ አየር ላይ ክብ ነገር ጨብጧል፣ ቀኝ እግሩ ወለሉን ረግጧል። አሠልጣኟ አጠገቡ ተንበርክካ፣ ጋሼ ዓይንዎን ይጨፍኑ እንጂ አለችው።

"አይሆንም፣ ልጄ። እኔ ዓይኔን ከጨፈንኩ ስልሳ ሰው ገደል ይገባል።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፤ የዳኛው ሆድ ብቻውን ሌላ ዮጋ ሠራ። ጋሽ ማርሽ ግን እየቀለደ አልነበረም። ተነስቶ ጫማውን አጠለቀ። ቤት ሲደርስ ለባለቤቱ ምን እንደሚላት አሰበ፤ ሻንጣዋን ከቁም ሣጥን ላይ ስታወርድ ታየው። በሩ ጋ ሲደርስ ግን አንዲት ሴት ክንዷን ዘርግታ ዘጋችበት።

እትዬ ፊሽካ ነበረች፣ ካሉት ሁሉ ያልሳቀችው እሷ ብቻ። ዕድሜዋን በአውቶቡስ ረዳትነት ነው የጨረሰችው። አብረው ሠርተው አያውቁም፤ ግን ፊሽካዋን ስትነፋ ደመና ተራ ይይዝ እንደነበር በሙያው ያለ ሁሉ ያውቃል።

"መኪናህን ጥለህ ወዴት ነው?" አለችው።

"የምን መኪና?"

"የምትነዳውን ነዋ። እግርህ ፍሬን ላይ ነበር፤ አይቻለሁ።"

ከዚያ የመጨረሻውን የሥራ ቀን ጠየቀችው። በእነሱ ሥራ አንድ ወግ አለ። መጨረሻ ጣቢያ ላይ ሰው ሲራገፍ፣ ረዳት ከኋላ ወንበር እስከ ፊት የእያንዳንዱን ሥር ጎንበስ ብሎ ያያል፤ የተኛ ሕፃን ይኖራል፣ የተረሳ ሰው ይኖራል። ከዚያ ወርዶ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ሁለቴ ይመታል። ያ ሳይመታ ሹፌር ሞተር አያጠፋም፣ እጁንም ከመሪው አያነሳም። ጋሽ ማርሽ የመጨረሻውን ጉዞ ጨርሶ ሲገባ ግን ሥራ አስኪያጁ፣ መካኒኩ፣ ሁሉም አበባ ይዘው ጠበቁት። ገና ከመቆሙ እጁን ጎትተው አወረዱት፣ ንግግር ተደረገ፣ ፎቶ ተነሱ። ረዳቱም ፎቶው ውስጥ ነበር፣ ከኋላ ረድፍ፣ አንገቱን አስግጎ።

"ታዲያ ማን መታልህ?"

ጋሽ ማርሽ አፉን ከፈተ። አሰበ። ፊቱ ላይ የነበረው ቁጣ ቀስ እያለ ወረደ።

"ማንም" አለ።

"እና እንዴት ብለህ ትተኛለህ?"

እጁን ይዛ ወደ ምንጣፉ መለሰችው፤ አሠልጣኟንም አንዴ ፋታ ስጪኝ አለቻት። ልጅቷ፣ ለዚህ ልትመሰገን ይገባል፣ አንድም ጥያቄ ሳትጠይቅ ቁጭ አለች። እትዬ ፊሽካ ከአዳራሹ ጥግ ተነስታ በምንጣፎቹ መሀል አለፈች፤ በየወንበሩ ሥር ጎንበስ እያለች አየች፣ በእጇም ዳሰሰች። ዳኛው ጋ ስትደርስ እግሩን እንዲያነሳ አዘዘችው።

"አንተስ ወርደሃል?"

"ወርጃለሁ፣ እመቤቴ" አለ ዳኛው። አሁን አልሳቀም።

መጥታ ከጋሽ ማርሽ ራስጌ ተንበረከከች።

"ተሳፋሪው ሁሉ ወርዷል። ወንበር ሥር ሳይቀር አይቻለሁ።"

ጣውላውን በመዳፏ ሁለቴ መታችው። ጋሽ ማርሽ ዓይኑን ጨፈነ። ወዲያው አንዱን መልሶ ገለጠው።

"ከእኔ በላይ ልታይ ነው?" አለችው።

ጨፈነው። አየር ላይ የነበሩት እጆቹ ደረቱ ላይ ወረዱ፣ ቀኝ እግሩ ወደ ጎን ዘመም አለ፤ ከባድ መኪና ቆሞ አየሩን ሲለቅ እንደሚያሰማው ዓይነት ረጅም ትንፋሽ ወጣው። ከዚያ ማንኮራፋት ጀመረ፤ የአዳራሹ መስኮት ተንቀጠቀጠ፣ ጎረቤት ካለው ጋራዥ አንዱ ሞተር የተነሳ መስሎት ወጥቶ አየ። ሌሎቹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ በእግር ጣታቸው እየተራመዱ ወጡ።

ባለቤቱ ልትወስደው ስትመጣ ያ ድምፅ ገና ከደጅ ተቀበላት። በትዳር ዘመኗ ሁሉ ስትረግመው የኖረችው ማንኮራፋት ነው፤ በሩን ተደግፋ ቆማ አዳመጠችው። እትዬ ፊሽካ በሹክሹክታ የሆነውን ነገረቻት። ሴትየዋ ጫማዋን አወለቀች፣ አንድ ምንጣፍ ጎትታ ከባሏ አጠገብ ዘረጋችና ተጋደመች።

"እህቴ፣ እኔንም አውርጂኝ" አለች፣ ጣሪያውን እያየች። "ጋቢና፣ ከጎኑ ነበርኩ።"

እትዬ ፊሽካ ወደ አዳራሹ ጥግ ተመለሰችና ከመጨረሻው ወንበር ሥር ማየት ጀመረች።