የጎደለው ጥግ

እጩዋ መምህርት በመጀመሪያው ፈተናዋ የወደቀችው ሒሳቡ ጠፍቷት አይደለም። ለልጆቹ ጀርባዋን ሰጥታ ነው። ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ለሰሌዳው ስታስተምር ዋለች። ሰሌዳውን ጠየቀች፣ ሰሌዳው ዝም ሲላት ራሷ መለሰች። ከኮሌጁ የመጡት ተቆጣጣሪ ከኋላ ተቀምጠው ሲጽፉ ቆዩና ሲወጡ፣ «ሰሌዳው በደንብ ገብቶታል፤ ልጆቹን ግን እንጃ» አሏት። አንድ ዕድል ብቻ ቀራት። በዚያኛውም ከወደቀች ከሥልጠናው ትሰናበታለች።

ቤት ስትገባ ለታላቅ እህቷ ነገረቻት። እህቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ እናታቸው ካረፈች ወዲህ ያሳደገቻት፣ ኮሌጅም ያስገባቻት እሷ ናት። ዓይኗ ግን እየደከመ ነው። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር መስፋት ከተወች ቆይታለች፤ የያዘችውም ልብስ ሁሉ «እህቴ ሥራ እስክትይዝ ነው» እየተባለ የሚሰፋ ነው።

«እና አሁን ምን ይሻላል?» አለች እህቷ፣ ከማሽኑ ላይ ቀና ሳትል።

«ፊቴን አዙሬ ማስተማር አለብኝ፣ እትዬ።»

«ታዲያ ማዞር ነዋ። አንገት ያለው ሰው መዞር ያቅተዋል?»

«ሁሉም ያዩኛል።»

«አንቺን? ደግሞ ምንሽን ብለው።»

ልምምድ የምታደርግበት ክፍል መምህር ሽማግሌ ናቸው። አንድ እግራቸውን ተክለው ሌላውን ስለሚጎትቱ ተማሪዎቹ እሳቸው በሌሉበት «ኮምፓስ» ይሏቸዋል። በማግስቱ መምህራን ክፍል ውስጥ ጠርተው አስቀመጧት።

«ተቆጣጣሪ የሚያየው እጅ ነው» አሏት። «ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ አያይም። ስለዚህ ሁሉም እጅ ያወጣል። የሚያውቅ ቀኙን፣ የማያውቅ ግራውን። አንቺ ቀኝ ያወጣውን ብቻ ትጠሪያለሽ።»

«ማታለል አይሆንም፣ ጋሼ?»

«ይሆናል። እኔም በዚሁ ነው ያለፍኩት።» እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው አመቻቹት። «ይልቅ አንድ ነገር ልብ በዪ። ፊት ለፊት ስትቆሚ የእነሱ ቀኝ በአንቺ ግራ በኩል ነው። ስንቱ እጩ እዚህች ላይ ጉድ ሆኗል መሰለሽ።»

ሁለት ቀን አንገራገረች። ከዚያ የእህቷን ዓይን አሰበችና እሺ አለች።

ተማሪዎቹ ነገሩን እንደ ጨዋታ ወደዱት። «ባዶስ የትኛውን እጇን ነው የምታወጣው?» አለ የክፍሉ አንደኛ፣ «ቀኝና ግራዋን አታውቅ።» ክፍሉ ሳቀ። ባዶ የሚሏት ከኋላ፣ ጥጉ ላይ ብቻዋን የምትቀመጠውን ልጅ ነው። የፈተና ወረቀት ላይ ስሟን ብቻ ጽፋ ስለምትመልስ ያወጡላት ስም ነው። ልጅቷ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም። እጩዋ «ዝም በሉ» አለች፤ ድምፅዋ ግን ከሁለተኛው ረድፍ አላለፈም።

የዚያን ቀን በእረፍት ሰዓት እጩዋ ባዶን ክፍል ውስጥ ብቻዋን አገኘቻት። ቦርሳዋ ውስጥ የእህቷ ቁርጥራጭ ጨርቅ ነበር፤ ለፈተናው ትምህርት ትሞክረው ዘንድ ነው የያዘችው። አራት ማዕዘን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። «ይሄ ኤክስ በኤክስ ነው። ይሄ ረጅሙ ደግሞ ስድስት ኤክስ።» ረጅሙን በቁመቱ ለሁለት እኩል ቀደደችና አንዱን ከጎን፣ ሌላውን ከሥር አስጠጋች። «ትልቅ ካሬ ሊሆን ምን ቀረው?»

ልጅቷ የጨርቆቹን ጠርዝ በጣቷ ተከተለች። ከዚያ ጣቷን ባዶው ጥግ ላይ አኖረች።

«ሦስት በሦስት» አለች።

ደወሉ ተደወለ። «ጨርቁን ልውሰደው?» ብላ ጠየቀች ባዶ። እጩዋ ሰጠቻት። ለአሻንጉሊት ነው የፈለገችው ብላ አሰበች፤ ከዚያ በላይ አላሰበችም።

በፈተናው ዋዜማ እህቷ ያልተወሰዱ ኮቶችን ግድግዳው ላይ ደረደረችላት። የአንዳንዶቹን ቀኝ እጅጌ፣ የሌሎቹን ግራ፣ ወደ ላይ አንስታ በመርፌ ያዘችው። እጩዋ ፊት ለፊታቸው ቆማ አስተማረች።

«ያ ግራጫው» አለች እህቷ።

«ቀኝ።»

«ቡኒው።»

«ግራ።»

«ይኸው አወቅሽ። እኔ ብሆን አሳልፍሽ ነበር፣ ኮቶቹም አልተኙም።»

በፈተናው ቀን ተቆጣጣሪው ከኋላ፣ ከባዶ ጥግ አጠገብ ተቀመጡ። እጩዋ ጀርባዋን ለሰሌዳው ሰጥታ ቆመች። እህቷ ያስረዘመችላትን ቀሚስ ወደ ታች ሳብ አደረገች። ጥያቄ ጠየቀች፤ ክፍሉ ሁሉ እጁን አወጣ። የብዙዎቹ ቀኝ ነበር፤ ባዶና ጥቂቶች ግራቸውን አውጥተዋል። ቀኝ ያወጣ ጠራች፣ መለሰ። ሌላ ጠራች፣ መለሰ። ኮምፓስ በሩ ላይ ቆመው አገጫቸውን ነቀነቁላት። ድምፅዋ እየተከፈተላት መጣ።

ይኼኔ ተቆጣጣሪው ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«እኔም አንድ ልጠይቅ። ካሬውን ስታሟሉ ስድስቱን ለሁለት ከፍላችሁ፣ ግማሹን በራሱ ታባዛላችሁ። ለምን? አሠራሩን ሳይሆን ምክንያቱን ነው የጠየቅኩት።»

ይሄ ያልተጠና ጥያቄ ነው። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ ደንቡ ደንብ ነውና እጆቹ ሁሉ ወጡ፤ በአንድ በኩል፣ እንደ ታጨደ ሣር ወደ አንድ ጎን አዘንብለው። ከኋላ ጥጉ ላይ ብቻ አንድ እጅ በተቃራኒው በኩል ቆሟል። የባዶ እጅ ነው።

እጩዋ ኮቶቹን አላስታወሰችም። የራሷ ቀኝና የእነሱ ቀኝ ተደበላለቀባት። የብዙዎቹ እጅ እስካሁን ቀኝ ነበር፣ የባዶም እስካሁን ግራ ነበር። አሁንም ሌላ ሊሆን አይችልም። የክፍሉን አንደኛ ጠራችው።

ልጁ ተነሣ። ያወጣውን እጁን አየ፣ እሷን አየ። «ቲቸር... እኔ እኮ...» ብሎ ያንኑ እጁን ወደ ኋላው ደበቀ።

ከጎኑ ያለችውን ጠራች። «ግራ ነው» አለች፣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች።

ያን ጊዜ ገባት። ክፍሉ ሁሉ ግራ እጁን ነው ያወጣው። ቀኝ ያወጣች አንዲት ልጅ ብቻ ናት፤ እሷም አሁን እጇን አውርዳለች። ተቆጣጣሪው ብዕራቸውን መልሰው አነሡ። እጩዋ የጥጓን ልጅ ስም ልትጠራ አፏን ከፈተች፤ ስሟ ጠፋባት። ስትፈልገው፣ ሲባል ስትሰማው የከረመችው ቅጽል ስም ቀድሞ ወጣ።

«ባዶ» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የክፍሉ አንደኛ ሳይቀር፣ እንደቆመ ሳቀ።

ልጅቷ ቀስ ብላ ተነሣች። እጩዋን ትክ ብላ አየቻት።

«አላውቅም» አለችና ተቀመጠች።

ቀሪውን እጩዋ ራሷ ተናገረች። ፊቷን ሳታዞር፣ እጇን ብቻ ወደ ኋላ ዘርግታ፣ ካሬውንና የጎደለውን ጥግ እየሣለች አስረዳች። ጥሩ አስረዳች።

ልጆቹ ሲወጡ ተቆጣጣሪው መነጽራቸውን እየጠረጉ ወደ እሷ መጡ። «ተሳትፎው ግሩም ነው። እጅ ያላወጣ የለም። መጨረሻ ላይ ግራኞች በዙ እንጂ።»

እጩዋ መሬት መሬት አየች።

«ሒሳብ የሚያስተምር ሰው አጥተው ያንን ክፍለ ጊዜ ስፖርት ያደረጉት ትምህርት ቤቶች አሉ» አሉ ተቆጣጣሪው። «አንቺ ቢያንስ ምክንያቱን ታውቂዋለሽ። አልፈሻል።»

ማታ እህቷ ማሽኑን አቆመች። «ዞርሽ?»

«ዞርኩ።»

«አላልኩሽም!» አለችና ኮቶቹን አንድ በአንድ ከግድግዳው ታወርድ ጀመር። «ደግሞ ምን ያስለቅስሻል? ደስታም ሲበዛብሽ እንደ ኀዘን ነው።»

በማግስቱ እጩዋ ማልዳ ሄዳ ልጅቷን ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት። ስሟን ከኮምፓስ ጠይቃ፣ መንገዱን ሁሉ ለራሷ እየደጋገመች ነበር የመጣችው። በስሟ ጠራቻት። ልጅቷ ቆመች፤ ቦርሳዋን በደረቷ አቅፋለች።

«መልሱን ታውቂው ነበር» አለቻት እጩዋ። «ቀኝ እጅሽን ነው ያወጣሽው።»

«ተሳስቼ ነው፣ ቲቸር።»

«ጨርቁን እኮ አብረን...»

«ቀኝና ግራዬን አላውቅም» አለች ልጅቷ። በጨዋ ድምፅ ነው ያለችው፤ ቁጣ አልነበረበትም። ጎንበስ ብላ አለፈቻት።

ክፍል ውስጥ እጩዋ ሌላ ሳታስተምር ያንኑ ጥያቄ ደግማ ጠየቀች፤ ግማሹን በራሱ የምናባዛው ለምንድን ነው? ትናንት ተብራርቶላቸዋልና ቀኝ እጆች ወጡ። ከጥጉም አንድ እጅ ወጣ። እጩዋ እንዳትሳሳት የራሷን ክንድ ጭምር አንስታ፣ እንደ ልጅቷ ዞራ አመሳከረች።

ግራ ነው።

«ተቆጣጣሪ የለም፣ ጨዋታው አብቅቷል፣ እጃችሁን አውርዱ» ሊባል ይችል ነበር። እጩዋ ግን ቃሉ አልወጣላትም። ሌላ ልጅ ጠራች፣ መለሰ። ባዶ ግራ እጇን ቀጥ አድርጋ እንደያዘች ቆየች፤ ደወሉ እስኪደወልም አላወረደችውም።