ለሁለት ሰው የተሠራች ጀልባ

ልብስ ሰፊዋ እህቷ ዘንድ ልትሄድ መቁረጧን ለባሏ የነገረችው ጓሮ ቆማ ነው። ባሏ አናጢ ነው። በዚያች ሰዓት በጀርባው ተንጋሎ የጀልባዋን የታችኛውን ጣውላ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትግ ነበር፤ ከእሱ የሚታያት ሁለት ጫማና አቧራ የጠገበ ሱሪ ብቻ ነው።

«ጀልባዋ ስታልቅ እህቴ ጋ ልሄድ ነው። ጠቅልዬ» አለችው።

መፈተጉ ቆመ። ጫማዎቹ አልተነቃነቁም። ትንሽ ቆይቶ «እሺ» አለና መፈተጉን ቀጠለ።

በዚያች «እሺ» ደሟ ፈላ። «ለምን?» አላለም። «መቼ?» አላለም። ነገሩን ከነገረችው በኋላ እንኳ ልቧ የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከዚያ ጣውላ ሥር ወጥቶ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ አንድ ጥያቄ እንዲጠይቃት። ቢጠይቃት ምናልባት አትሄድም ነበር። ይህን ለራሷም አልደበቀችውም።

መቼስ ሰውዬው ክፉ አይደለም። አይጠጣም፣ አይቆጣም፣ ያገኘውን ይዞ ቤቱ ይገባል። ግን አይጠይቅም። ይለካል። አንድ ነገር ግራ ሲገባው ከኪሱ ሜትሩን መዝዞ ይዘረጋል፣ ቁጥሩን ያያል፣ ነገሩ ያልቃል። ዕድሜውን ሙሉ ከእንጨት ጋር ስለኖረ፣ እንጨት ደግሞ ሲጠይቁት ስለማይመልስ፣ ሌላውም ፍጥረት እንደዚያው መሰለው። የእሷ እንጀራ ደግሞ መጠየቅ ነው። ብብቱ ጠበበሽ? ወገቡ ይላላ? እጅጌው እዚህ ላይ ይቁም? ቀኑን ሙሉ ሰው ስትጠይቅ ውላ ማታ አንድም ጥያቄ ከማይወጣው ሰው ጋር ራት ትበላለች። ሴት ልጃቸው ቤት ሳለች ጫጫታው ይሸፍነው ነበር። ልጅቷ አግብታ ስትወጣ ቤቱ ውስጥ የቀረው የመጋዝ ድምፅና የስፌት መኪና ድምፅ ብቻ ሆነ።

ጀልባዋ የዚያ ዝምታ ልጅ ናት ማለት ይቻላል። «ስታልቅ ሐይቆቹን ሁሉ ሁለታችን እናቋርጣለን» ብሎ ነበር ሲጀምራት። ዓመታት ፈጀች። ከ«እሺ»ው በኋላ ብዙም ሳይቆይ ግን አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ፣ እጁን እየታጠበ፣ «ጀልባዋን ሸጥኳት። ገዢው መጨረሻው ሐይቅ ዳር ነው ያለው። ማድረስ አለብን። ደረጃዎቹ ላይ ሁለት ሰው ያስፈልጋል» አላት።

ሲሸጣትም አልጠየቃትም። ልብስ ሰፊዋም በተራዋ «እሺ» አለች። እሷም ማለት ትችላለች። ከመጨረሻው ሐይቅ ወደ እህቷ ከተማ አውቶቡስ አለ፤ ሻንጣዋን አዘጋጅታ ከጀልባዋ አልጋ ሥር ከተተች። ያ ስንት ዘመን የተወራለት ሽርሽር እንግዲህ ዕቃ ማድረስ ሆኖ ቀረ።

እናም ተነሡ። ሐይቆቹ አንዱ ከአንዱ ዝቅ እያሉ የሚሄዱ ናቸው፤ በመካከላቸው ቦይ አለ፣ በቦዩ ላይ ደግሞ አገሬው ደረጃ የሚለው ነገር። ደረጃ ማለት ከፊትና ከኋላ ትልልቅ በር ያለው የግንብ ገንዳ ነው። ጀልባዋ ትገባለች፣ የኋላው በር ይዘጋል፣ ውሃው ቀስ እያለ ይለቀቃል፣ ጀልባዋም አብራው ትወርዳለች፤ ከዚያ የፊተኛው በር ይከፈታል። በዚህ ጊዜ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ገመድ ይይዛል። ገመዱ ግንቡ ላይ ባለው የብረት ቀለበት ሾልኮ ጫፉ ተመልሶ እጅ ውስጥ ይገባል፤ ውሃው በወረደ ቁጥር ማላላት ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ማሰር ክልክል ነው። ውሃው ሲወርድ የታሰረች ጀልባ ግድግዳው ላይ ተሰቅላ ትቀራለች።

እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ወረዱ። ንግግራቸው ለሥራው ያህል ነበር። «ያዝ።» «ልቀቂ።» «ሻይ።» እሱ መሪውን ይዞ ይቆማል፣ እሷ ከፊት ተቀምጣ ያመጣችውን የሰው ሸሚዝ ቁልፍ ትተክላለች። የሚገርመው ኑሮው አልከፋም። ውሃው ረጋ ያለ ነው፣ ሞተሩ ብዙም አይጮኽም። ሌላው ቀርቶ ዓመት ከዓመት የሚያሠቃያት ጀርባዋ እንኳ ዝም አለ። ቤት ውስጥ ዕቃ አጥባ ስትጨርስ ወገቧን ይዛ ነበር የምትቀመጠው፤ እዚህ ታጥባለች፣ ትከትፋለች፣ ትወጣለች ትወርዳለች፣ ምንም የለም።

«የሐይቅ አየር ነው» አለች አንድ ጠዋት፣ ለራሷም ለእሱም ሳትል።

«ሊሆን ይችላል» አለ አናጢው።

መጨረሻው ደረጃ ከሁሉም ጥልቅ ነው። እዚያ ያለው በረኛ ደግሞ ጠያቂ ሆኖ የተፈጠረ ሰው ነበር። ከግንቡ ጫፍ ቁልቁል ተንጠልጥሎ፣ ገና ገመድ ሳይዙ ጀመራቸው።

«ጋሼ፣ ሽርሽር ነው? ራስዎ ነዎት የሠሯት? እትዬ፣ ውሃ አይፈሩም? ልጆች አላችሁ? ምነው ታዲያ አልተከተሏችሁም?»

ልብስ ሰፊዋ በሳቅ ልትፈነዳ ምንም አልቀራት። ይህን ያህል ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው። ያለውን ሁሉ መለሰችለት።

«ከዚህ በኋላስ ወዴት ናችሁ?» አለ በረኛው።

«እሱን ጠይቀው» አለች ባሏን በአገጯ እያመለከተች።

በረኛው ወደ አናጢው ዞረ። አናጢው አሰበበት። «ወደ ታች» አለ።

በረኛው ተስፋ ቆርጦ ውሃውን ሊለቅ ሄደ።

ጀልባዋ መውረድ ጀመረች። ርጥብ ግድግዳው ከሁለት ወገን እያደገ መጣ፣ ሰማዩ ጠበበ። ልብስ ሰፊዋ ገመዷን ክንድ በክንድ ስታላላ ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ዞር ስትል ባሏ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ወደ እሷ ይመጣል። ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዟል። በሁለቱም እጁ ገመድ የለም። ገመዱን ማን ያዘው? ብላ ሳትጨርስ አፉን ሲከፍት አየችው፤ ሊናገር ነው።

ያን ጊዜ የጀልባዋ ኋላ ቆመ፣ ፊቷ ግን መውረዱን ቀጠለ። አናጢው ገመዱን አስሮት ነበር።

ጉድ ፈላ። ወለሉ ተዳፋት ሆነ። ከውስጥ ድስቱ፣ ኩባያው፣ የመሣሪያ ሣጥኑ እየተንኳኳ ወደ ፊት ወረደ። በረኛው ከላይ እየጮኸ ወደ ውሃው መዝጊያ ሮጠ፣ ግን ያ መዝጊያ በእጅ የሚሽከረከር ነው፣ ለመዘጋት ጊዜ ይፈልጋል። አናጢው ተመልሶ ቋጠሮው ላይ ተጠመጠመ። ቋጠሮው የእሱ ነው፣ እንዳይፈታ ሆኖ የተቋጠረ፤ አሁን ደግሞ የጀልባዋ ክብደት አጥብቆታል። ጥፍሩ ደማ እንጂ ገመዱ ንቅንቅ አላለም።

ልብስ ሰፊዋ የራሷን ገመድ ለቀቀችና በእጅ በጉልበቷ ወደ ላይ ዳኸች። ከሽርጧ ኪስ የጨርቅ መቀሷን አወጣች። ስለዚህ መቀስ ማወቅ ያለባችሁ፣ በዚያ ቤት ማንም ሰው፣ ልጇም ብትሆን፣ ወረቀት ቆርጦበት አያውቅም። ወረቀት ስለት ይበላል ብላ ቤቱን ቀውጢ ታደርገው ነበር። አሁን ሳታንገራግር ያን የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ገመድ ትገዘግዘው ጀመር። ገመዱ ክር በክር ሄደ። መጨረሻው ሲበጠስ ጀልባዋ በሆዷ ውሃው ላይ ወደቀች፣ ሁለቱም ከራስ እስከ እግራቸው በሰበሱ።

በረኛው ነፍሱ መለስ ሲል፣ «ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው ያሰሩት?» አለ።

አናጢው የተቆረጠውን ገመድ አነሣና ጠቀለለው።

መጨረሻውን ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ሲያቋርጡ ልብስ ሰፊዋ የምታወጣ የምታወርደው ይኸው ጥያቄ ነበር። ሰውዬው ሞኝ አይደለም። ሕጉን ያውቃል፤ ያን ሁሉ ደረጃ ሲወርዱ አንድ ጊዜ እንኳ እጁ ከገመዱ አልተለየም። ለምን አሰረው? ወደ እሷ ለመምጣት። ለምን መጣ? ሊላት የነበረ ነገር አለ። ብትጠይቀው ይወጣላታል፣ ግን አልጠይቅም ብላለች። ስንት ዓመት ሙሉ የጠየቀችው እሷ ናት፤ ይህቺን አንዷን እሱ ይውለዳት።

ሐይቁ ዳር መልሕቅ ጥለው ሻይ ሲጠጡ፣ አናጢው የተጎዳውን መቀሷን ከጠረጴዛው አነሣ፣ ከመሣሪያ ሣጥኑ የመሳያ ድንጋይ አወጣና በእርጋታ ይስለው ጀመር። አልፈጠነም። ሲጨርስ በንጹሕ ጨርቅ ጠርጎ በእጀታው በኩል አቀበላት። ክር ሞከረችበት። ከበፊቱ ይቆርጣል። ይህን ሰው እንደምትወደው ያን ጊዜ አወቀች፤ ስታውቀው ደግሞ የባሰ ተናደደች።

ጠዋት ገዢው ከሚስቱ ጋር መጣ። ሁለቱም ወጣቶች፣ ሁለቱም የመብራት ምሰሶ የሚያህሉ ናቸው። ሚስትየዋ ደስ እያላት ወደ ውስጥ ስትገባ ግንባሯን ከበሩ ጉበን አጋጨች። እየሳቀች የጀልባዋን መሰላል ስትወርድ እርምጃዋ ተሳሳተ። ዕቃ ማጠቢያው ጋ ስትቆም ወገቧ እጥፍ አለ። አግዳሚው ላይ ስትቀመጥ ጉልበቷ አገጯ አጠገብ መጣ።

«እትዬ፣ ይቺን ጀልባ ለማን ነው የሠሯት?» አለች አሁንም እየሳቀች።

ልብስ ሰፊዋ አተኩራ አየቻት። የሰው ልብስ በሌላ ሰው ላይ ሲጠብ ማየት ሥራዋ ነው። ወጣቷ ስትወጣላት ዕቃ ማጠቢያው ጋ ራሷ ቆመች። እጇ ክርኗ ሳይነሣ ገንዳው ውስጥ ገባ። መደርደሪያው ከዓይኗ ትይዩ ነው። ኩባያ መስቀያው እጇ በሚደርስበት። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ እግሯ ወለል ነካ። ዕድሜዋን ሙሉ በተቀመጠችበት ወንበር ሁሉ እግሯ ሲንጠለጠል የኖረች አጭር ሴት ናት፣ እዚህ ግን ወለል ሲነካላት መሰንበቱን ልብ አላለችም። ልክ የሆነ ልብስ እንደዚያ ነው፤ የለበሰው ሰው ይረሳዋል። የሐይቅ አየር ብላ ነበር! ሜትር አሳርፎባት አያውቅም፣ ቢያሳርፍ ታውቅ ነበር። በዓይኑ ነው የለካት፣ ስንት ዓመት ሙሉ፣ ዝም ብሎ።

ከውጭ ገዢው አናጢውን «ከፍ ማድረግ ይቻላል?» ሲል ሰማችው።

«ይቻላል። ሁሉም በብሎን ነው፣ ይፈታል» አለ አናጢው።

ሻንጣዋን እሱ ተሸክሞላት አውቶቡስ መናኸሪያ ሄዱ። የእሱ አውቶቡስ ሌላ ነው፣ ወደ ቤት የሚመለሰው። መስኮት አጠገብ ተቀመጠች፤ ሻንጣዋን ከጎኗ ባለው ወንበር ላይ አኖረላትና ወርዶ ከመስኮቱ ሥር ቆመ። ረዳቱ መንገደኛ ይጣራል። አናጢው እጁን ኪሱ ከተተ፣ ሜትሩን አወጣ፣ አየው፣ መለሰው።

«እህትሽ ቤት…» አለ።

ወደ መስኮቱ ተጠጋች።

«የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ቁመቱ ስንት ነው?»

አፍጥጣ አየችው። ያን ሁሉ ዘመን የጠበቀችው ጥያቄ መጣ፣ ይኸውና ስለ መደርደሪያ ነው። ታልቅስ ወይ ትሳቅ ግራ ገባት።

«ደረጃው ላይ ልትለኝ የመጣኸው ይሄንኑ ነው?»

«አዎ።»

«ለዚህ ብለህ ነው ጀልባዋን ግድግዳ ላይ የሰቀልካት?»

«እዚያ ከፍ ካለ ጀርባሽን ያምሻል» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ። «አሁን ትንሽ ተሽሎሽ ነበር።»

ረዳቱ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ መታ። ሞተሩ ተነሣ። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን በክንዷ ጠረገች።

«አላውቅም» አለች። «መጥተህ ለካው።»

አናጢው ወደ ራሱ አውቶቡስ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ወደ እሷ።

«መቼ?» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ሻንጣውን ከጎኗ ካለው ወንበር ላይ አንሥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።