ልብ ብቻ የሰማው

ልብስ ሰፊዋ የወንድሟን ሱሪ ወገብ በአንድ ዓመት ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ስታሰፋ ነው ነገሩ ደስ ያላላት። ታላቋ ነው፤ ወላጆቻቸው ካለፉ በኋላ ያሳደጋትም እሱ ነው። መጋዘን ይጠብቃል፣ ምሳውን እሷ ሱቅ እየመጣ ይበላል። ከጨዋታው ብዛት የሱቁ ሠራተኞች «ሳቂታው» ይሉታል።

የዚያን ዕለት ለሦስት ሰው የተሠራውን ሩዝ ብቻውን ጨረሰ። ሠራተኞቹ ይኼስ ሆድ ሳይሆን ጎተራ ነው ብለው ቀለዱ። እሱ አልሳቀም። ባዶውን ሳህን ወደ እሷ ገፋ አድርጎ፣

«እቱ፣ አንድ ጉርሻ እንኳ የገባልኝ አይመስለኝም» አላት።

ነገሩን በቀልድ ልታልፈው ብላ ሜትሯን አንሥታ በሆዱ ዙሪያ አዞረችው። ሜትሩ ጠበቅ ብሎ ሳለ ይንቀሳቀስ ጀመር። ትንፋሹን እንዲይዝ ነገረችው፤ ያዘ። ሜትሩ ግን አልቆመም። ከውስጥ ሆኖ በር የሚያንኳኳ ሰው ያለ ይመስል፣ እንደ ልብ ምት ድው ድው እያለ ጣቶቿን ይገፋቸዋል። ይሰማው እንደሆነ ጠየቀችው። ምንም አይሰማውም።

በማግስቱ እጁን ይዛ ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ነርሷ የደም ግፊቱን ለካች፤ መሣሪያው የተበላሸ መስሏት በሌላ ደገመች። ሁለት መቶ አሥር በመቶ ሃያ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሐኪሙን ጠራችው።

ሐኪሙ ሳይቸኩል አስረዳቸው። የሰውነት ስብ ራሱ ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ሥራው ለአንጎል «ይበቃናል» ብሎ መንገር ነው። ስቡ ሲበዛ መልእክቱም ይበዛል፤ አንጎል ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ክፋቱ፣ ያው መልእክት ልብን፣ ኩላሊትንና የደም ሥርን የሚያዙትን ነርቮች መቀስቀሱን አይተውም። ግፊቱን ከሚያንሩት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።



«ታዲያ ውስጤ ሲጮህ የሚውል አለ ማለት ነው» አለ ወንድሟ። «ልቤ ይሰማዋል። እኔ አልሰማውም።»

ሐኪሙ ልክ ነህ ብሎ የግፊት መድኃኒት ጻፈለት።

መድኃኒቱን ጀመረ። ምሳውን እሷ መጥና በምሳ ዕቃ ትቋጥርለታለች፣ ጨው ቀነሱ፣ ከሥራ መልስ አብረው በእግር ይሄዳሉ። በስድስት ወር አሥራ አንድ ኪሎ ወረደለት፤ ግፊቱም ረገብ አለ። ዘመድ ሁሉ እሰይ አለ። ጥጋብ ግን አልመጣም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከመጋዘኑ ደወለላት። ድምፁ የወትሮው አልነበረም።

«እቱ፣ ምሳ ዕቃው ባዶ ነው። ስበላ በዐይኔ አይቻለሁ። ሆዴ ግን አልበላህም ይለኛል። ማንን ልመን?»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው።

«እኔን እመነኝ፣ ጋሼ። በልተሃል።»

እሺ አላት። ስልኩን ግን አልዘጋውም። እሷም አልዘጋችም፤ ተነሥቶ ወደ ሥራው እስኪመለስ ድረስ ትንፋሹን እያዳመጠች፣ በየመሀሉ «ይበቃሃል» ትለው ነበር። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ይደውላል፤ እሷም ያቺን አንዲት ቃል ትነግረዋለች።