የአርባ አንደኛው ክብ ቀስት

ቀስቱ የተገላቢጦሽ ነበር። እኔ ያየሁት ግን ከተሣለ ከሦስት ወር በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ፣ የግድግዳውን ወረቀት አቧራ ስጠርግ ነው።

የምሠራው የፋብሪካ ጥገና ባለሙያዎችን በሚያሠለጥን ተቋም ውስጥ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከመጨረሴ በቀር ሌላ ትምህርት የለኝም፤ ጣቴ ፈጣን ስለሆነ ግን ጽሑፍ ወደ ኮምፒዩተር የማስገባው እኔ ነኝ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ፣ ሁላችንም «ካርታው» የምንላቸው ሰውዬ፣ አንድ ቀን ተነስተው ኮርሱን ስልሳ አራት ቦታ ቆራረጡት። እያንዳንዱ ቁራጭ በአንድ ካርድ ላይ ተጻፈ፤ ከግርጌው የትኛው ትምህርት እንደሚቀድመው፣ የትኛው እንደሚከተለው በቁጥር ተመለከተ። እኔ ካርዶቹን አስገባሁ። ማሽኑ ያተመውን ዝርዝር ይዘው እሳቸው ግድግዳ በሚያህል ወረቀት ላይ ለየትምህርቱ አንድ ክብ ሣሉና ክቦቹን በቀስት አያያዙ። ማሽኑ ተማሪውን ይፈትናል፤ ካለፈ ቀስቱን ተከትሎ ወደሚቀጥለው ክብ ይልከዋል።

«ዕውቀት ገመድ አይደለም፣ ድር ነው» ይላሉ ካርታው። «አንድ ቀን ሰው የሚያውቀው ነገር ሁሉ እንዲህ ክብና ቀስት ሆኖ ይቀመጣል።»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው የሚባለው» አልኳቸው። «አንዱ ክር የተሳሳተ እንደሆነስ?»

«አንቺ ሠርግ ቤት ተቀምጠሽ ልቅሶ የምታስቢ ሴት ነሽ» ብለው ሳቁብኝ።

አልዋሹም። ልጄ ካስነጠሰች ሐኪም ቤት፣ ከዘገየች ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚታየኝ። ስለዚህ ያስገባሁትን ካርድ ሁሉ ሁለት ጊዜ አነባለሁ። ከአንዱ በቀር።

ቁጥር አርባ አንድ «ወደ ዝግ ታንከር ከመግባት በፊት አየሩን መለካት» ይላል። የጻፈው ባለቤቴን ከታንከር ውስጥ በገመድ ጎትቶ ያወጣው የሥራ ጓደኛው ነው፤ ዛሬ እኛ ተቋም ያስተምራል። ስም አልጠራም። «አንድ ሠራተኛ ባዶ የሚመስል ታንከር ውስጥ ገባ፤ ምንም አልሸተተውም» ብሎ ይጀምራል። ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ያንን ካርድ ዓይኔን መስኮቱ ላይ ተክዬ በጣቴ ብቻ መታሁት። ከግርጌው ያሉትን ሁለት ቁጥሮች አለዋወጥኳቸው። ቀዳሚው ተከታይ ሆነ።

ከዚያ ወዲህ ያ ሠራተኛ ከቤቴ አልወጣም። ሳህን ሳጥብ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል። ዞር ስል ፎጣው ብቻ ነው።

ልጄ አባቷ ሲሞት አሥር ዓመቷ ነበር። «ልቡ ቀጥ አለ» አልኳት። ውሸት አይደለም አልኩ ለራሴ፤ የማንም ልብ መጨረሻው እሱ ነው። አድጋ እዚሁ ተቋም ልግባ ስትለኝ ሦስት ቀን አኮረፍኩ፤ እሷ ግን አራት ቀን አኩርፋ አሸነፈችኝ። ማታ ማታ ትምህርቷን ጮክ ብላ ታነባለች። አርባ አንድ የሚደርስበትን ምሽት ነፍሴን ይዤ ጠበቅኩት። ሰኞ ቁጥር አርባን፣ በመሰላል ታንከር ውስጥ መውረድን አነበበች። ከዚያ ወረቀቱን አጠፈችና «ነገ ፋብሪካ የተግባር ልምምድ አለኝ» አለች። እፎይ አልኩ። አርባ አንድ የት ገባ ብዬ አልጠየቅኩም። ያ እፎይታ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ማክሰኞ ጨርቄን ይዤ ግድግዳው ፊት ስቆም የደረሰችበትን የሚያሳየው የልጄ ቀይ መርፌ ልምምዱ ላይ ተሰክቷል። አርባ አንድ ደግሞ ከልምምዱ ወዲያ፣ ገና ያልተረገጠ ክብ ሆኖ ተቀምጧል። እስከ ልምምዱ የደረሰ የመጀመሪያው ተማሪ እሷ ነበረች።

«ማሽኑ አይሳሳትም» አሉ ካርታው።

«ማሽኑ አልተሳሳተም። እኔ ነኝ።»

ስልካቸውን ሳነሳ አልከለከሉኝም።

«ዘይት ፋብሪካ፣ ጥበቃ» አለ አንድ ድምፅ።

«ለልምምድ የመጣችውን ልጅ ጥራልኝ። ታንከር ውስጥ እንዳትገባ።»

«ምነው፣ ምሳዋን ረስታ ሄደች?»

«እናቷ ነኝ።»

«እሱንማ በድምፅሽ አውቄያለሁ። የኔም እናት ሲደውሉ ቤት የተቃጠለ ነው የሚመስለው።»

«ወንድሜ፣ በሞቴ ሩጥልኝ።»

ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሲያኖረው ሰማሁ፤ ከዚያ የጫማው ድምፅ ራቀ። መስመሩ ውስጥ ሞተር ይጮኻል። ከሞተሩ ሥር አንድ ሰው ቀስ ብሎ የሚተነፍስ መሰለኝ። ጥበቃው ሄዷል፤ ሌላ ሰው የለም። ትንፋሹን እየቆጠርኩ ጠበቅኩ።

«እማዬ» አለችኝ በመጨረሻ። «መሰላሉ ላይ ነበርኩ እኮ። ምናለ ሰው ፊት ባታዋርጂኝ?»

«ስንት እርከን ወርደሽ ነበር?»

«ሁለት። ወረቀቴ ዝግጁ ናት ይላል፤ ፎርማኑም አይቶታል።»

«በኔ ስህተት ነው ዝግጁ ያለሽ። አየሩ አልተለካም። ልጄ፣ አባትሽን የገደለው ልቡ አይደለም። ታንከር ውስጥ ገብቶ ነው የሞተው።»

ስልኩ ተዘጋ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ፎርማኑ ለካርታው ደወለ። የአየር መለኪያውን ታንከሩ ውስጥ በገመድ ሲያወርዱት ጠቋሚው ቀይ ላይ ሄዶ ቆሟል። ካርታው ወንበር ላይ ወጥተው፣ ያንን ቀስት በምላጭ ፍቀው አጠፉት።

ልጄ በሰዓቷ ቤት አልመጣችም። በሩን ገርበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። የመንገዱ መብራት ከበራ በኋላ መጣችና ጫማዋን ሳታወልቅ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አስተማሪው ዘንድ፣ አባቷን ያወጣው ሰው ዘንድ ነበረች።

«ያየውን ነገረኝ» አለች። «ቀሪውን አንቺ ንገሪኝ።»

«ምን ልንገርሽ?»

«ጠዋት ሲወጣ ምን አለ?»

«የጎኑን ህመም ነገረኝ። ዛሬ ሥራ ይቅርብህ ልለው አሰብኩ። ሳልለው ወጣ።»

«እኔስ?»

«ተኝተሽ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ አየሽ።»

ሌላም ጠየቀችኝ፤ የማውቀውን ሁሉ መለስኩ። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት። ሲበቃኝ ቀና ብላ በሩን አየች።

«ማንን እየጠበቅሽ ነው?»

«ማንንም።»

«ታዲያ ለምን አልዘጋሽውም?»

ተነስታ ደፉ ላይ ቆመችና ደረጃውን ወደ ታች ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከዚያ ሰው እንደሚያሳልፍ ሰው ትንሽ ገለል አለች፤ በሩን ዘጋችና ቆለፈችው።